ስለ ጃፓን አሮጌ ጊታሮች ታሪክና ስለ እውነተኛ ዋጋቸው

(በሬዲዮ የተሰማ ንግግር)



ይህ ንግግር በሬዲዮ በተነገረበት ሰዓት በሥራ ወይም በሌላ ጉዳይ ምክንያት ያላደመጣችሁት ትኖሩ ይሆናል። ያደመጣችሁትም ብትሆኑ፥ በአየር የሚመጣ ቃል ከጆሮ ቶሎ ያመልጣልና፥ ነገሩን ዐረፍ ብላችሁ ትመለከቱት ዘንድ እነሆ በጽሑፍ ቀርቦላችኋል። ርእሱ ጊታር ነው። ይኸውም ከ1960ዎቹ እስከ 1980ዎቹ ባሉት ዓመታት በጃፓን አገር ስለ ተሠሩት፥ የኤሌክትሪክ ኃይል ሳያሻቸው በእንጨታቸው ብቻ ድምፅ ስለሚሰጡት ጊታሮች ለመናገር ነው። የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አስታውቃለሁ። «ስለ ጊታር ማውራት የሥራ ፈት ጨዋታ አይደለምን?» የሚል አንባቢ ቢኖር፥ እስከ መጨረሻው ይታገሠኝ ዘንድ እለምነዋለሁ። ነገሩ፥ የሰው እጅ ሥራ በምን ሚዛን መመዘን እንደሚገባው የሚያስተምር ሆኖ አግኝቼዋለሁና።

ይህን ጉዳይ እንድመረምር ያደረገኝ ምክንያት እንዲህ ነው። ጎረቤቴ የሆኑ አንድ ጡረታ የወጡ መምህር አንድ ቀን ማታ ወደ ቤታቸው አስጠሩኝና፥ ከአልጋቸው ሥር በአቡጀዲ የተጠቀለለ አሮጌ ጊታር አውጥተው አሳዩኝ። በወጣትነታቸው ጊዜ በክፍለ ሀገር ሲያስተምሩ ከደመወዛቸው ቈጥበው የገዙት፥ በዓመቱም መጨረሻ ተማሪዎቻቸውን እያዘመሩ ይመቱት የነበረ ነው። አሁን ግን ለዓይናቸው ሕክምና ገንዘብ ስላስፈለጋቸው ሊሸጡት አስበው ለአንድ ነጋዴ ቢያሳዩት፥ ነጋዴው ገልበጥ አድርጎ አየና፥ «ይህማ የጃፓን ነው፤ የሠሪውም ስም ጠፍቷል፤ ስም የሌለው ዕቃ ከማገዶ አይሻልም» ብሎ፥ ለይሉኝታ ሲል ብቻ የሚከፍል አስመስሎ ጥቂት ብር ጠራላቸው።

እርሳቸውም ወደ እኔ ዘወር ብለው፥ «ልጄ፥ አንተ በሬዲዮ የምትናገር ነህና ሳታውቅ አትቀርም፤ እውነት ይህ ነገር ዋጋ የለውምን?» ሲሉ ጠየቁኝ። እኔ ግን የምመልሰው አላገኘሁም። በሬዲዮ የሚናገር ሰው ሁሉን የሚያውቅ ይመስላል፤ የሚያውቀው ግን ጠይቆ የተረዳውን ያህል ብቻ ነው። «ጥቂት ቀን ይስጡኝ፤ መርምሬ እመለሳለሁ» ብዬ ተሰናበትኋቸው። ከዚህ ቀጥሎ የምታነቡት የዚያ ምርመራ ፍሬ ነው።

«ነገርን ከሥሩ፥ ውሃን ከጥሩ» እንደሚባለው፥ ታሪኩን ከመነሻው እንጀምር። ጃፓን ለብዙ ዘመን በሯን ለውጭ አገር ሰዎች ዘግታ ከኖረች በኋላ፥ በ1868 በተጀመረው በሜይጂ ዘመን የምዕራባውያንን ጥበብ ለመማር ቈርጣ ተነሣች። በትምህርት ቤቶቿም የምዕራብ ሙዚቃ እንዲሰጥ ስለ ተደረገ መሣሪያዎቹ አስፈለጉ፤ ከባሕር ማዶ የሚመጡት ግን እጅግ ውድ ነበሩ። በ1887 ሃማማትሱ በምትባለው ከተማ የአንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኦርጋን ተበላሸና፥ የሕክምና መሣሪያዎችን በመጠገን ይኖር የነበረ ቶራኩሱ ያማሃ የሚባል ሰው እንዲያበጀው ተጠራ። ይህ ሰው ኦርጋኑን ጠግኖ ብቻ አልተወውም፤ የውስጡን አሠራር በወረቀት ነድፎ ከአንድ ጓደኛው ጋራ ሌላ ኦርጋን ሠራ። ሁለቱም የሠሩትን በትከሻቸው ተሸክመው የሃኮኔን ተራራ አቋርጠው እስከ ቶክዮ ድረስ ወሰዱት። በዚያም የሙዚቃ ሊቃውንት መርምረው ቅኝቱ ትክክል አለመሆኑን ነገሩት። ያማሃ ግን ይህን ሰምቶ ተስፋ አልቈረጠም፤ እዚያው ቈይቶ የቅኝትን ሕግ ተማረና ወደ ከተማው ተመልሶ ሁለተኛ ኦርጋን ሠራ። ይህኛው ተወደደለት። በ1897ም ኒፖን ጋኪ የተባለውን የሙዚቃ መሣሪያ ኩባንያ አቋቋመ። ከ1987 ጀምሮ በመሥራቹ ስም ያማሃ ኮርፖሬሽን እየተባለ የሚጠራው ኩባንያ ይኸው ነው።

በዚያው ዘመን በናጎያ ከተማ፥ ሻሚሰን የሚባለውን ባለ ሦስት ክር የአገሩን መሣሪያ ከሚሠሩ ቤተሰብ የተወለደ ማሳኪቺ ሱዙኪ፥ የአውሮፓን ቫዮሊን አይቶ አስመስሎ መሥራት ጀመረ። ከጊዜ በኋላም ፋብሪካው ቫዮሊንን በብዛት የሚያወጣ ሆነ። ልጁ ሺኒቺ ሱዙኪ ደግሞ ሕፃናትን ቫዮሊን በማስተማር ዘዴው በዓለም የታወቀው ሰው ነው። እንግዲህ ጊታር ወደ ጃፓን በሰፊው ሳይገባ፥ እንጨት የማድረቁ፥ የማጉበጡና በሙጫ የማያያዙ ሙያ አስቀድሞ ሥር ሰዶ ይጠብቀው ነበር ማለት ነው።

ጊታርን በተመለከተ፥ ስመ ጥሩው የእስፓኝ ሊቅ አንድሬስ ሴጎቪያ በ1929 ወደ ጃፓን ሄዶ መጫወቱ በዚያ አገር ለጊታር ወዳጆች ትልቅ ነገር ነበር። በዚሁ ጊዜ ገደማ፥ በናጎያ የመጻሕፍት ሱቅ ሆኖ የተጀመረው የሆሺኖ ቤት፥ በእስፓኝ አገር በቫሌንሲያ ከሳልቫዶር ኢባኜዝ የሥራ ቤት የሚወጡትን ጊታሮች ያስመጣ ነበር። በ1930ዎቹ ዓመታት ዕቃው ከእስፓኝ መምጣቱ ሲቋረጥ፥ ሆሺኖ በዚያው ስም ጊታር ማውጣት ጀመረ። ዛሬ ኢባኔዝ የሚለውን ስም አይቶ የእስፓኝ ሥራ የሚመስለው ሰው ቢኖር ምክንያቱ ይህ ነው። እንዲሁም በ1935 ጊይቺ ያይሪ የተባለ ባለ እጅ የራሱን የሥራ ቤት ከፈተ። ልጁ ካዙኦ ያይሪ ሥራውን ወርሶ፥ በጊፉ ጠቅላይ ግዛት በካኒ ከተማ በእጅ የሚሠሩ ጊታሮችን እያወጣ እስከ ዕለተ ሞቱ እስከ 2014 ኖረ።

ከዚህ በኋላ የሁለተኛው ዓለም ጦርነት መጣ። ጃፓን ድል ተነሥታ በባዕድ ጦር ተይዛ በነበረችበት ጊዜ፥ ወደ ውጭ በሚላኩት ብዙ ዕቃዎች ላይ «በተያዘችው ጃፓን የተሠራ» የሚል ጽሕፈት ይታተም ነበር። ለአንድ ባለ እጅ፥ በላቡ ፍሬ ላይ የአገሩን ውርደት እያተመ ከመላክ የሚበልጥ ምን ኀዘን ይኖር ይሆን? በነዚያም ዓመታት «የጃፓን ዕቃ» ማለት ርካሽና ቶሎ የሚሰበር ማለት ሆኖ በብዙ አገር ተወራ። ወሬው በዚያን ጊዜ ሐሰት ብቻ አልነበረም፤ ችግር ያስቸኮለው ሥራ ብዙ ነበርና። ነገር ግን ሥራው ተሻሽሎ ሳለ ወሬው ሳይሻሻል ቀረ። ያ ነጋዴ ለመምህሩ የነገራቸው ቃል ከዚያ ዘመን የተረፈ ወሬ መሆኑ ነው።

በ1960ዎቹ ዓመታት ሁለት ነገሮች ተገጣጠሙ። የመጀመሪያው፥ በአሜሪካና በአውሮፓ ወጣቶች ሁሉ ጊታር ለመያዝ መሻታቸው ነው። የሕዝብ ዘፈን ወዳጆች በዙ፤ ቢትልስ የሚባሉት አራት የእንግሊዝ ወጣቶችም ዓለምን ማረኩ። እነርሱ ራሳቸው በሰኔ 1966 መጨረሻ ቶክዮ ገብተው ቡዶካን በሚባለው አዳራሽ ተጫውተዋል። ሁለተኛው የገንዘብ ጉዳይ ነው። ከ1949 እስከ 1971 ድረስ አንድ የአሜሪካ ዶላር በ360 የን እንዲመነዘር ተወስኖ ነበርና፥ የጃፓን ሥራ ለውጭ አገር ገዥ እጅግ ርካሽ ሆነለት።

ኒፖን ጋኪ በዚያው በ1966 ኤፍ ጂ 180 እና ኤፍ ጂ 150 የተባሉትን ባለ ብረት ክር ጊታሮች አወጣ። ኤፍ ጂ የሚሉት ሁለት ፊደላት «የሕዝብ ዘፈን ጊታር» ለማለት የተወሰዱ ናቸው። ቍጥሩም ያለ ምክንያት አልተሰጠም፤ የዋጋው ምልክት ነው። 180 ማለት 18,000 የን፥ 150 ማለት 15,000 የን ነበር። እንግዲህ 18,000ውን ለ360 ብታካፍሉ 50 ዶላር ታገኛላችሁ። በነዚህ ጊታሮች ውስጥ ቀይ ወረቀት ተለጥፎ ስለሚገኝ ወዳጆቻቸው «ቀይ ምልክት» እያሉ ይጠሯቸዋል። በነሐሴ 1969 በአሜሪካ አገር በዉድስቶክ ያ ታላቅ የሙዚቃ ጉባኤ በተደረገ ጊዜ፥ ካንትሪ ጆ ማክዶናልድ የተባለው ዘፋኝ በዚያ እልፍ አእላፍ ሕዝብ ፊት ብቻውን ቆሞ የመታው ጊታር ከነዚሁ አንዱ፥ ኤፍ ጂ 150 ነበር። ርካሹ ጊታር ያን ያህል ሕዝብ ፊት ቆሞ አላሳፈረም።

ጊታር የሚሠራው በአንድ ከተማ ብቻ አልነበረም። በናጋኖ ጠቅላይ ግዛት፥ በተራሮች መካከል ባለችው በማትሱሞቶ፥ አየሩ ከባሕር ዳሩ ይልቅ ደረቅ ያለ ነው፤ ይህም ለእንጨት ሥራ ይስማማል። በዚያ ማትሱሞኩ የሚባለው ኩባንያ አስቀድሞ ለልብስ ስፌት መኪና የእንጨት ሣጥን ይሠራ የነበረ ሲሆን፥ በኋላ ጊታር ወደ መሥራት ተሻገረ። በዚያችው ከተማ ፉጂጄን በ1960 ተቋቋመ። በጊፉ ጠቅላይ ግዛት በሳካሺታ በ1959 የተጀመረው የሥራ ቤት ደግሞ በአካባቢው ባለ ተራራ ስም ታካሚኔ ተባለ።

በዚያን ጊዜ የነበረውን አንድ ልማድ አንባቢ ልብ እንዲለው ያስፈልጋል። ብዙዎቹ ፋብሪካዎች በራሳቸው ስም ሳይሆን ባዘዛቸው ነጋዴ ስም ይሠሩ ነበር። አልቫሬዝ፥ ቬንቱራ፥ ላይል የሚባሉት ስሞች የአሜሪካ አስመጪዎች ለጃፓን ሥራ ያወጧቸው ናቸው። ከአንድ ፋብሪካ በአንድ ቀን የወጡ ጊታሮች የተለያየ ስም ይዘው ወደ ተለያየ ወደብ ይሄዱ ነበር፤ ባንጻሩም አንድ ስም የያዙ ሁለት ጊታሮች ከሁለት ፋብሪካ የመጡ ሊሆኑ ይችላሉ። ስለዚህ በጃፓን አሮጌ ጊታር ላይ የተጻፈው ስም የሻጩን ማንነት ይነግራል እንጂ የሠሪውን እጅ ሁልጊዜ አይናገርም።

ሥራው እንዴት እየተሻሻለ እንደ ሄደ ለመረዳት አንድ ሰው እንጥቀስ። ማሳሩ ኮኖ የሚባለው ጊታር ሠሪ በ1960 ወደ ማድሪድ ሄዶ፥ አርካንሄል ፈርናንዴዝ ከተባለው ጠቢብ ዘንድ ተቀምጦ የእስፓኝን የክላሲክ ጊታር አሠራር ተማረ። ከሰባት ዓመት በኋላ፥ በ1967፥ በቤልጅግ አገር በሊዬዥ ከተማ በተደረገው የጊታር ሠሪዎች ውድድር የአንደኛነትን ሽልማት አገኘ። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ማለት ይህ ነው። ትናንት ተማሪ የነበረው ዛሬ በመምህሮቹ አህጉር ላይ ተሸለመ።

አሁን ደግሞ ስለ መቅዳት እንናገር፤ የጃፓን ጊታር በይበልጥ የሚታማበት ነገር ይህ ነውና። በ1970ዎቹ ዓመታት ብዙዎቹ የጃፓን ፋብሪካዎች የታወቁትን የአሜሪካ ጊታሮች ቅርጽ፥ ይልቁንም ከ1833 ጀምሮ የቈየውን የማርቲንን ሥራ፥ አስመስለው ይሠሩ እንደ ነበር የታወቀ ነው። አንዳንዶቹም ከቅርጹ አልፈው በጊታሩ ራስ ላይ ያለውን የፊደል አጣጣል እንኳ አመሳስለውት ነበር። ማርቲን ራሱ የርካሹን ገበያ ኃይል አይቶ በ1970 ሲግማ የተባሉትን ጊታሮች በጃፓን እያሠራ መሸጥ ጀመረ። ሲግማ የግሪክ ፊደል ነው፤ አጋድማችሁ ብታዩት የማርቲንን የመጀመሪያ ፊደል ይመስላል። እንግዲህ የተቀዳው ራሱ ቀጂውን ሠራተኛው አድርጎ መቅጠሩ፥ ስለ ጃፓኖቹ እጅ ከማናቸውም ምስክር የበለጠ ምስክር ነው።

በ1977 የጊብሰን ባለቤት የሆነው ኖርሊን፥ የሆሺኖ የአሜሪካ ቅርንጫፍ በሆነው በኤልገር ላይ በፔንሲልቬንያ ክስ አቀረበ። ጉዳዩም በስምምነት ተፈጸመ። ክሱ የኤሌክትሪክ ጊታሮችን ራስ ቅርጽ የሚመለከት ነበር። ሆኖም ዛሬ በገበያ ላይ ከ1970ዎቹ ዓመታት የመጣውን ማናቸውንም የጃፓን ጊታር «የክስ ጊታር» እያሉ ዋጋውን የሚያስወድዱ ሻጮች አሉ። አንባቢ ሆይ፥ ይህን ቃል ስትሰሙ ኪሳችሁን ጠበቅ አድርጉ። በእነዚህ ያለ ኤሌክትሪክ በሚመቱት ጊታሮች ላይ ያ ክስ አልተነሣም፤ ቢነሣስ የፍርድ ቤት ወረቀት ለእንጨት ድምፅ ይሰጠዋልን?

ያ ዘመን እንደ መጣ ሄደ። የንና የዶላር ምንዛሪ ከ1971 ጀምሮ ተለወጠ፤ በ1985 በኒው ዮርክ በፕላዛ ሆቴል የታላላቅ መንግሥታት የገንዘብ ሹማምንት ከተስማሙ በኋላ ደግሞ የን በጣም ከፍ አለ። በጃፓን የተሠራ ዕቃ ለውጭ ገዥ ተወደደ፤ የርካሽ ጊታር ሥራ ወደ ታይዋን፥ ወደ ኮርያ፥ በኋላም ወደ ኢንዶኔዥያና ወደ ቻይና ሄደ። ማትሱሞኩ በ1987 ተዘጋ። ሌሎቹ ግን ብዛትን ትተው ጥራትን ይዘው እስከ ዛሬ አሉ። እንግዲህ «የጃፓን ርካሽ ጊታር» የሚባለው ነገር ርካሽ የሆነው እጁ ደካማ ስለ ነበረ ሳይሆን፥ የበለጠውን ጊዜ ገንዘቡ ደካማ ስለ ነበረ ነው። ይህንን ልዩነት ያልተረዳ ሰው ዋጋውን ሊረዳ አይችልም።

ወደ ዋጋው ጥያቄ ስንመጣ፥ አስቀድሞ ማጋነንን መከልከል ይገባል። ማርቲን ከ1933 እስከ 1942 የሠራቸው ዲ 45 የሚባሉት ጊታሮች 91 ብቻ ስለ ሆኑ፥ ዛሬ አንዱ በብዙ መቶ ሺህ ዶላር ይሸጣል። የጃፓን አሮጌ ጊታር እንደዚህ አይደለም። ብዛቱ እጅግ ነበርና አብዛኛው በጥቂት መቶ ዶላር የሚገዛ ነው፤ ጥቂቶቹ ምርጦች ብቻ ከዚያ በላይ ይወጣሉ። ስለዚህ አሮጌ ጊታር ያገኘ ሰው ሀብታም የሆንኩ ነው ብሎ ላም አለኝ በሰማይ እንዳይሆንበት፤ ለማገዶም እንዳይሰጠው። በሁለቱ መካከል ያለውን እውነት ለማግኘት የሚከተሉትን ነገሮች ይመርምር።

አንደኛ፥ ዘመኑን ይወቅ። በአንዳንድ ጊታሮች ውስጥ፥ ለምሳሌ በካዙኦ ያይሪ ሥራዎች፥ የታተመው ቍጥር በጃፓን ንጉሠ ነገሥት የንግሥና ዘመን የተቈጠረ ዓመት ነው። 48 የሚል ቢገኝ፥ በ1926 የጀመረው የሾዋ ዘመን 48ኛ ዓመት ማለት ነውና፥ 1925ን ስትደምሩበት 1973 ይሆናል። እኛም ከአውሮፓውያን የተለየ አቈጣጠር ያለን፥ ዓመቶቻችንንም በአራቱ ወንጌላውያን የምንሰይም ሕዝብ ስለ ሆንን፥ ይህ ነገር አያስደንቀንም። ነገር ግን አቈጣጠሩ በየፋብሪካው ይለያያልና አንዱን ለሁሉ ማድረግ አይገባም።

ሁለተኛ፥ እንጨቱን ይመልከት። የጊታር ድምፅ በይበልጥ የሚወጣው ከፊት ገበታው ነው። ገበታው ከአንድ ወጥ እንጨት የተፈለጠ ነው ወይስ ስስ ስስ እንጨት እየተደራረበ በሙጫ የተጣበቀ፥ ኮምፔንሳቶ የምንለው ነው? የድምፅ መውጫውን ቀዳዳ ጠርዝ በብርሃን ብታዩ፥ ወጥ የሆነው የእንጨቱ መስመር ከላይ እስከ ታች ሳይቋረጥ ይወርዳል፤ የተደራረበው ግን እንደ ወረቀት ትራስ በንብርብር ይታያል። ወጡ እንጨት ለድምፅ ይሻላል፤ የተደራረበው ደግሞ በደረቅ አየር ቶሎ አይሰነጠቅም። ቢሆንም የተደራረበ ሁሉ የተናቀ አይደለም። ያ የተወደደው ኤፍ ጂ 180 ራሱ ገበታው የተደራረበ ነበር፤ ሠሪዎቹ ግን በውስጡ ያሉትን ደጋፊ እንጨቶች አቅልለውና አስተካክለው ስላቆሙለት ድምፁ ሰዎችን አስደሰተ። ሚስጥሩ በእንጨቱ ብቻ ሳይሆን በልኩም ነው።

ሦስተኛ፥ አንገቱን ይመርምር፤ ዋጋው የሚወሰነው በይበልጥ በዚህ ነውና። ስድስት የብረት ክሮች በቅኝት ተወጥረው ሲቀመጡ ወደ 70 ኪሎ ግራም በሚያህል ኃይል ይስባሉ። አንድ ትልቅ ሰው ሌሊትና ቀን ለሃምሳ ዓመት ተንጠልጥሎበት እንደ ኖረ ቍጠሩት። በዚህ ምክንያት አንገቱ ቀስ እያለ ወደ ፊት ያዘነብላል፤ ገበታውም ክሮቹ በሚያርፉበት፥ በበገናና በክራር በርኩማ በምንለው ቦታ፥ ጕብ ይላል፤ ክሮቹም ከአንገቱ እየራቁ ለጣት አስቸጋሪ ይሆናሉ። መድኃኒቱ አንገቱን ነቅሎ ማዕዘኑን አስተካክሎ መልሶ መትከል ነው። ይህ ግን የአዋቂ ሥራ ነው፤ ሙጫው የበረታ እንደ ሆነ ደግሞ ይበልጥ ይከብዳል፤ ድካሙም አንዳንድ ጊዜ ከጊታሩ ዋጋ ይበልጣል። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ነውና፥ ገዥ ሁሉ ከመግዛቱ በፊት የክሮቹን ከፍታ ይመልከት።

አራተኛ፥ ክሩን አይሳሳት። ለናይለን ክር በተሠራው በክላሲክ ጊታር ላይ የብረት ክር የሚወጥር ሰው ገበታውን ይሰብረዋል። በአላዋቂ እጅ የጠፉት ጊታሮች በዘመን ብዛት ከጠፉት ብዙ አያንሱም ብል የተሳሳትኩ አይመስለኝም።

አምስተኛ፥ ጊታሩን ከአገር ወደ አገር የሚያሻግር ሰው ሕጉን ይጠይቅ። በአንዳንድ ውድ ጊታሮች ጀርባና ጎን ላይ ያለው የብራዚል ሮዝውድ የሚባለው እንጨት እየጠፋ ስለ ሄደ፥ ከ1992 ጀምሮ ዓለም አቀፍ ንግዱ በጥብቅ የተከለከለ ሆኗል፤ ያለ ፈቃድ ወረቀት ድንበር አያልፍም።

እንግዲህ እነዚህ ሁሉ ከተመረመሩ በኋላ አንድ ነገር ይቀራል። «አሮጌ ጊታር ከአዲስ ይሻላል» የሚሉ ብዙዎች ናቸው። እኔ እንደሚመስለኝ፥ እርጅና ብቻውን በጎነት አይደለም። ነገር ግን ሃምሳ ዓመት ጸንቶ የቈየ ዕቃ ፈተናውን አልፏል፤ በችኮላ የተሠሩት ጓደኞቹ ተሰነጣጥቀው፥ ተጣምመውና ተጥለው ቀርተዋል። ዘመን ራሱ ወንፊት ሆኖ አበጥሯቸዋል። በወንፊቱ ላይ የቀረውን ዘር የማገዶ ስም መስጠት አላዋቂነት ነው።

ከዚህም ታሪክ ሌላ ትምህርት ይገኛል። ባለ እጅን መናቅ፥ የውጭ ስም ያለበትን ማክበር፥ አስመስሎ የሠራውን መሳቅ በብዙ አገር ያለ ልማድ ነው፤ በእኛም ዘንድ ቀጥቃጭና ፋቂ፥ ሸማኔና ሸክላ ሠሪ ምን ይባሉ እንደ ነበር አንባቢ ያውቀዋል። ያማሃ የተበላሸ ቅኝት ያለው ኦርጋን ተሸክሞ ተራራ ሲያቋርጥ የሳቀበት ሰው አይጠፋም ነበር። መቅዳት የተማሪ ሥራ ነው፤ ነውርም የሚሆነው በዚያው ቈመው ሲቀሩ ወይም የራስን ሥራ የሌላ ነው ብለው ሲሸጡ ነው። ከመቅዳት ተነሥቶ የራሱን ወደ መፍጠር የሄደ ግን ሊመሰገን ይገባዋል።

ወደ ጎረቤቴ ወደ መምህሩ ልመለስ። የገባሁላቸውን ቃል ጠብቄ ባትሪና ትንሽ መስተዋት ይዤ ሄድሁ። ጊታራቸውን ገልብጠን፥ በቀዳዳው አብርተን አየነው። ወረቀቱ ደብዝዞ «ጃፓን» ከሚለው በቀር የሚነበብ አልቀረም፤ የሠሪው ስም እስከ ዛሬም አልታወቀም። ገበታው ግን ወጥ እንጨት ነበር፤ በውስጡ ያሉት ደጋፊ እንጨቶችም ማንም በማያያቸው ቦታ ሳሉ ጫፋቸው ድረስ ተስተካክለው ተልገዋል። ማንም የማያየውን ቦታ ያስተካከለ ሰው ሥራውን ያከበረ ሰው ነው። ባንጻሩ አንገቱ ጥቂት አዘንብሏል፤ በጎኑም አንድ ቀጭን ስንጥቅ አለ። እኔም በጎውንም ጉድለቱንም ሳልደብቅ ነገርኋቸው፤ የሀብት ምንጭ አለመሆኑንም ገለጽሁላቸው።

እርሳቸውም ዝም ብለው ካዳመጡ በኋላ፥ «እንግዲያው ያ ሰው የጠራልኝ የእንጨት ዋጋ ነበራ!» አሉ። ከሳምንት በኋላ ሙዚቃ የሚያስተምር አንድ ወጣት መጥቶ ጊታሩን አየ። መምህሩ ስንጥቁን በጣታቸው እየነኩ ራሳቸው አሳዩት፤ የአንገቱንም ነገር ነገሩት። ወጣቱም ክሮቹን ቃኝቶ ጥቂት ከመታ በኋላ፥ ነጋዴው ከጠራው ሦስት እጥፍ ከፈለ። ገንዘቡ የሕክምናውን ወጪ በሙሉ አልሸፈነም፤ የቀረውን ልጆቻቸው አዋጡ። ከመስጠታቸው በፊት ግን መምህሩ ጊታሩን ተቀብለው፥ ዓይናቸውን ጨፍነው፥ ቀድሞ ተማሪዎቻቸውን ያዘምሩበት የነበረውን አንድ ዜማ መቱ። ጣታቸው አልፎ አልፎ ይስት ነበር፤ እንጨቱ ግን ድምፁን አልነፈጋቸውም።

የተከበራችሁ አንባቢያን፥ በየቤታችሁ ጥግ፥ በየአልጋችሁ ሥር፥ ስሙ የጠፋ የእጅ ሥራ ሳይኖር አይቀርም። ጊታር ባይሆን ክራር፥ ክራር ባይሆን የአያት ሣጥን ወይም የቀድሞ ሸማ ይሆናል። ለማገዶ ወይም ለልዋጭ ከመስጠታችሁ በፊት ባትሪ አብርታችሁ ውስጡን እዩለት። ስሙ ባይነበብ እንኳ የሠራው እጅ በውስጡ ይነበባል።